ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ድረ ገጽ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። አጭር ነው። አጭር ደብዳቤ ደግ ነገር ይዞ ሲመጣ አላየሁም። የምርምር መጽሐፎቻችንንና መጽሔቶቻችንን የምናወጣበት ድረ ገጽ አማርኛው «የአንድ ቤት ልጅ አይመስልም» ይላል። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ አንድ ወጥ የቃላትና የአጻጻፍ መመሪያ አዘጋጅተን፣ በቋንቋ አማካሪያችን አስፈርመን፣ ገጹን በሙሉ በመመሪያው ካላስተካከልን የአማርኛው ሥራ ከጅማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔም አብሬ። «አቶ ፍሬዘር ከሥራው ጋር የመዛወር ዕድል ይኖራቸዋል።» ዕድል ነው ያሉት።

ኩልሱም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። የጅማው ቅርንጫፍ ኃላፊ ናት፤ አንድ ሰፈር ስላደግን አለቃዬ ብትሆንም አንቺ እላታለሁ፣ እሷም እንደ ታናሽ ወንድሟ ታሾፍብኛለች። «ሀዬ፣ እሺ፣ ምን አለበት፣ አዲስ አበባ ጥሩ ማኪያቶ አለ» አለች። ማኪያቶ ጅማም አለ አልኳት። «እሱስ አለ። ሌላም ጅማ ያለ ነገር አለ» ብላ ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሥራ ነበረኝ።

ሐምሌ 4

ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አፈርኩ። መግቢያው ላይ «ድህረ ገጽ»፣ ግርጌው ላይ «ድረ ገጽ»፣ መሐሉ ላይ «ዌብሳይት»። ገበሬው ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ አድርቆ የሚሸጠውን ቡና አንዱ ጥናት ጀንፈል ይለዋል፤ ሌላው ደረቅ ቡና፣ ሌላው በፍሬው የደረቀ ቡና፣ ሌላው ያልታጠበ ቡና። አንድ ተማሪ መፈለጊያው ላይ ጀንፈል ብሎ ቢጽፍ እኛው ካሳተምነው ግማሹ አይወጣለትም። ቀሪውን አልተጠናም ብሎ ያንኑ እንደ አዲስ ይጽፋል ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ ሁሉ አራሚ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ደመወዝ በላሁ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው የቃላት ጉባኤ ተቀመጠ። ጉባኤ ማለት ሦስት ሰውና አንድ ሳህን ቆሎ ነው። አንደኛው ጋሽ ለይኩን፣ የቋንቋ አማካሪያችን፤ የግማሹን ከተማ አማርኛ ያስተማሩ፣ እኔንም ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሱቅ ማስታወቂያ ሲያዩ ቀይ እስክሪብቶ የሚያወጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ዶክተር አብዱልሃዲ፣ ዕድሜያቸውን በቡና ምርምር የጨረሱ የጅማ ልጅ። ሦስተኛው እኔ፤ ቆሎውን የምበላው።

ጋሽ ለይኩን በመግቢያው ጀመሩ። «ድኅረ ማለት በኋላ ማለት ነው። ከገጹ በኋላ ምን ሊመጣ ነው ድኅረ ገጽ ያልከው? ድር ነው፤ ድረ ገጽ።» ያለ ክርክር አለፈ። ጀንፈል ላይ ስንደርስ ግን ነገር ተበላሸ። ጋሽ ለይኩን «የምርምር ገጽ ነው፤ ትርጉሙ ከራሱ የሚታወቅ ስም ይኑረው፤ በፍሬው የደረቀ ቡና ይባል» አሉ። ዶክተር ሣቁ። «ለይኩን፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ጅማ ላይ ተቀምጠህ እንዲህ የሚል ሰው አሳየኝና እኔ ጢሜን ልላጭ።»

በመሐል የጋሽ ለይኩን ልጅ ዮርዲ መጣች። ሆስፒታሉ ማዶ ያለው ፋርማሲ ነው የምትሠራው። አባቷ መነጽራቸውን ረስተው ነበርና አመጣችላቸው። ቆሎ ቀመሰች፣ ጨው በዝቶበታል አለች፣ ሄደች። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐምሌ 16

አጋሮ። ከዶክተር ጋር። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ቆመ። የቡና ነጋዴውን ሐጂ አባቦራን መጋዘናቸው ውስጥ አገኘናቸው፤ የዶክተር የድሮ ጓደኛ ናቸው፣ የጋሽ ለይኩንም። ጆንያ እያሳየሁ ይህን ምን ይሉታል አልኳቸው። «ጀንፈል።» ሌላ ስም የለውም? «ልጄ፣ አንተ ሌላ ስም አለህ?» አሉኝ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አብረውን የተሳፈሩ ሁለት ገበሬዎችንም ጠየቅሁ፤ እነሱም ያው።

አቮካዶ ገዛሁ። ለቢሮው ነው።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

የአጋሮውን ነገር ስናገር ጋሽ ለይኩን «ገበያ መዝገበ ቃላት አይደለም» አሉ። ዶክተር «መዝገበ ቃላትም ቡና ሸጦ አያውቅም» አሉ። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ ሲጣሉ ግን ክፍሉ ይጠብባል። የ«ፀሐይ»ንና የ«ዓመት»ን አጻጻፍ፣ የእህል ስሞችን በሙሉ፣ የበሽታዎቹን ስሞች በሙሉ ተስማምተን ጨረስን። የቀረው አንድ ቃል ነው።

ጋሽ ለይኩን ዛሬም መነጽራቸውን ረሱ። በዚህ ዕድሜ ይረሳል። ዮርዲ አቮካዶውን ግማሹን ወሰደች።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ከኩልሱም ጋር ስብሰባ። ከአዲስ አበባ ስልክ። ጀንፈል አልተቋጨም። ስለ ደዶ ወረዳ የተጻፈ ጥናት ሠንጠረዥ አረምኩ። ምሳ አልበላሁም። መነጽር እንደገና ተረሳ።

ሐምሌ 30

ጋሽ ለይኩን ነገ ሱባኤ ይገባሉ። በየዓመቱ ፍልሰታን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያሳልፉት፤ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ከሰው ተለይተው፣ እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት። በሩ ላይ ቆመው «ጀንፈልን ስመለስ እንቋጨዋለን። እስከዚያ እንዳትነኩት» አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኳቸው። ከልቤ ነበር ያልኩት፤ ያኔ።

ነሐሴ 5

አዲስ አበባዎች የተስተካከሉ ገጾችን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ማየት ይፈልጋሉ። «ሥራው መጀመሩን የሚያሳይ።» ኩልሱምን ምን ይሻላል አልኳት። «አንተ ነህ አራሚው» አለች። አለቃ ሲመቸው እንዲህ ነው የሚመልሰው።

የጋሽ ለይኩን ስልክ ዝግ ነው። ሱባኤ ያለን ሰው ለአንድ ቃል ብሎ ከደጀ ሰላም መጥራት ነውር ነው። ዮርዲ ጋ ልደውል ብዬ ተውኩት። ምን ብዬ እደውልላታለሁ።

ነሐሴ 9

አደረግሁት። ኮምፒውተሩ «ሁሉንም ተካ» የሚል ቁልፍ አለው፤ እሱን ነው የተጫንኩት። በገጹ ላይ በፍሬው የደረቀ ቡና ያለው በሙሉ ጀንፈል ሆነ። ጋሽ ለይኩን ራሳቸው በጻፉት መቅድም ውስጥ ያለውም ጭምር። እግረ መንገዴን የተደበላለቁትን ሆሄያትም በአንድ ቁልፍ አስተካከልኩ። ገጹ ንጹሕ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አንድ ወር የተከራከርንበትን ነገር ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት።

ለአዲስ አበባ ላክሁ። «በጣም ጥሩ» አሉ። ፊርማውን እየጠበቅን ነው አሉ።

ነሐሴ 11

ሙሐመድሳኒ የተባለ ደራሲያችን ደወለ። የአፈር ጥናት ነው የሚጽፈው። ሆሄ ሳስተካክል ለካ ስሙንም ነክቼዋለሁ።

«ፍሬዘር፣ ስም አውጥተህልኛል አሉ።»

ይቅርታ አልኩት።

«ይቅርታ አይደለም ያስደወለኝ። ስም ሲወጣ በግ ይታረዳል። አርደሃል ወይ?»

መለስኩለት፤ የሌሎቹንም ደራሲዎች ስም ባለቤቶቹ እንደጻፉት መለስኩ። ግማሽ ቀን ፈጀ። በጉን ግን አልረሳውም ብሏል።

ነሐሴ 12

ከጀንፈሉ የባሰ ነገር ይመጣ ይሆን? ጋሽ ለይኩን ይረዱኛል። ሰው ናቸው። ጊዜ አልነበረኝም እኮ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

የዮርዲ አጭር መልእክት፦ «አባዬ ገጹን በስልኬ አይቷል።»

ሌላ ምንም የለም። ሰላምታም የለም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

የጋሽ ለይኩን ወንበር ባዶ ሆኖ ዋለ። ዶክተር አብዱልሃዲ ያሸነፈ ሰው ይመስላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቆሎውን አልነኩም። «እኔ እንዲህ አልፈለግሁም» አሉኝ። «ተከራክሬ ልረታው ነበር እንጂ ቤተ ክርስቲያን እያለ በጓሮ ዞረህ እንድትወስድለት አልነበረም። እሱ ሳይኖር የተረታ ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ደወልኩላቸው። አነሡ። «ሥራችሁን ያለ እኔ መጨረስ ትችላላችሁ፤ አየሁ እኮ» አሉኝ በጨዋ ድምፅ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያለ እሳቸው ፊርማ መመሪያው መመሪያ አይደለም፤ ያለ መመሪያው ደግሞ መስከረምን አዲስ አበባ ነው የምውለው።

አዲስ አበባ መሄዱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ሰው የትም ይኖራል። ዝም ብዬ ነው የማስበው፤ እዚያ ሐሙስ ቀን ምን ይሠራል?

ነሐሴ 23

ኩልሱም መላ አመጣች። «ሽማግሌ ላክባቸው።»

ለቃላት ጉዳይ ሽማግሌ ይላካል ወይ አልኳት።

«ለተጣላ ሰው ይላካል። ተጣልታችኋል፣ አልተጣላችሁም?»

ሐጂ አባቦራ፣ ጋሽ ለይኩን ማኅበር አብረው የሚጠጡት ጡረተኛው የፖስታ ቤት ሰው አቶ አዲስ፣ ሦስተኛ የእድራቸው ዳኛ። ሁሉንም እሷው ደውላ አነጋገረች። ነገ ማታ ከሥራ በኋላ ይሂዱ ብላት እምቢ አለች፤ እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በደንብ ለብሰው ነው አለች። ከሐጂ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ «ማሎ ሐጂ፣ እዚያ ስትደርሱ እንዳትሥቁ» ስትላቸው ሰማሁ። ምኑ ያሥቃል? ይህ ለእኔ የሞት ሽረት ነው።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

በረጅሙ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እብድ እሆናለሁ።

ላኪ አብሮ አይሄድምና ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሐጂ አባቦራ ከሰዓት መጡ። ነጭ ኮፍያ፣ አዲስ ኮት፤ ሁለቱ ክርስቲያኖች ደግሞ ጋቢ ለብሰው ነበር አሉ። ሳይቀመጡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሳካ» አሉኝ። ጋሽ ለይኩን ይመለሳሉ ማለት ነው? «እሱን አላነሣነውም» አሉ። እንዴት ሳታነሡት አልኩ። ያወሩኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ወላሂ ፍሬዘር፣ እኔ አፌን ልከፍት ነበር። የለይኩን ሚስት ፋንቱ በር ከፈተች። ሦስታችንን አንድ ላይ አየች፣ እሁድ ጠዋት፣ ለብሰን። ወደ ውስጥ ሮጠች። ለይኩን በረንዳው ላይ ነበር፣ ብድግ አለ። ግቡ፣ ተቀመጡ አለ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ወጉ ነው። ማን ላካችሁ አለ። ፍሬዘር አልን። ከዚያ ለይኩን ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየ። ልጁን አስተምሬዋለሁ፤ ችኩል ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ከቤተሰብ ልምከርና የዛሬ ሁለት ሳምንት ኑ አለን።»

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ለጋብቻ የሚሰጥ መልስ ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ሦስት ልጆች ድሬአለሁ።»

«ለድረ ገጹ ነው የመጣነው ብላችሁ አትነግሯቸውም?»

«ፋንቱ ጓዳ በር ላይ እልልታዋን በእጇ አፍና ቆማለች። እኔ በዚያ መሐል ጀንፈል ብዬ ልጀምር? የሰው ቤት ደስታ በር ላይ ቆሞ አይፈርስም። ማል ጎና? ምን ላድርግ?»

እና አሁን እኔ ዮርዲን ለጋብቻ ጠይቄአለሁ። ሳልጠይቅ። መስከረም አራት ቀን መልስ እሰማለሁ። ዮርዲ ቤት ነበረች ወይ አልኳቸው። መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ አሉ።

መናደድ ነበረብኝ። ኩልሱም ላይ ልጮህ ስልኬን አነሣሁ፣ ግን መጮህ አልቻልኩም። ሳስበው ያሥቀኛል። ጋሽ ለይኩን ከሁሉ ነገር በኋላ «ክፉ አይደለም» አሉ።

ነሐሴ 26

ባጃጅ ነጂው እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ሴትዮም። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ኩልሱምን «አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ላክ አልኩ፣ ላክህ» አለች። ስለ አራት ነገር ላማክራት ነበር፣ አንዱንም አላማከርኳትም።

ዮርዲ አልደወለችም።

ነሐሴ 27

ሄድኩ። ፋርማሲው ውስጥ ሰው አልነበረም። ዮርዲ ሳጥን ከሳጥን እየደረደረች ሳትዞር «ሽማግሌ ልከሃል አሉ» አለች።

«ልኬአለሁ።»

«ለእኔ?»

ውሸት መናገር እችል ነበር። አልቻልኩም። ለአባትሽ ነው አልኳት፤ ወደ ጉባኤው እንዲመለሱ፤ ለድረ ገጹ። መደርደሪያውን ይዛ ሣቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ሣቀች። «ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ድረ ገጽ» እያለች። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ እሷ ሣቋን ተወችው።

«አባዬ በምን የተቀየመ ይመስልሃል?»

«በጀንፈል።»

«ጀንፈልማ እማዬ ገበያ ስትወጣ ራሱ ነው ጀንፈል ግዢ የሚላት። ሳትጠይቀው ስለለወጥክ ነው። እጁን ዘርግቶ ቆይልኝ ብሎህ ነበር። አሁን ደግሞ እኔን ሳትጠይቅ ከተማው በሙሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። አንድ ዓይነት ነገር ነው የምታደርገው ፍሬዘር። የመጠየቅ ነገር አይሆንልህም።»

የወደቀ ሳጥን አንሥቼ ሰጠኋት።

«እና ለድረ ገጹ ብቻ ነው የላክኸው?» አለች ቀስ ብላ።

አፌን ስከፍት የሳል ሽሮፕ የሚፈልግ ሰውዬ ገባ። ወጣሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ነሐሴ 28

ጋሽ ለይኩን ቤት ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ ፋንቱ በር ከፍተው ሲያዩኝ «ወንድ ልጅ በዚህ ጊዜ እዚህ ቤት አይመጣም» አሉኝ፣ ግን ፈገግ ብለው ነው። ጋሽ ለይኩን በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እየጮህኩ ነው የተናገርኩት፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መቅድማቸው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉንም። እዚህ ግባ የማይባል ይቅርታ ነበር፤ ግን ሙሉ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቁ። ከዚያ «እኔ ጀንፈልን ጠልቼ መሰለህ?» አሉ። «ሰቃ፣ ቡና ገበሬ መሐል፣ ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን አርባ ዓመት አስተምሬ፣ ያስተማርኩት ልጅ አንድ ጊዜ ጋሼ ምን ይላሉ ብሎ ሊጠብቀኝ አልቻለም። ያረጀሁ መሰለኝ።»

እንዲህ ሲሉ ማልቀስ አማረኝ። አላረጁም አልኳቸው፤ እኔ ነኝ ያልበሰልኩት።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። ነገ ሐሙስ አይደል? እመጣለሁ አሉ። እጃቸውን ስስም ግን ያዙኝ። «የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ አልተሰረዘም። እኔ ለሰፈር ተናግሬአለሁ፣ የሰፈሩ ነገር ግን አይጨንቅህ፣ እሱን እኔ እመልሰዋለሁ። መስከረም አራት ይምጡ ወይም አይምጡ፣ አንተ ወስን። ልጄን በራስህ አፍ ሳትጠይቅ ግን ማንንም ወደዚህ በር እንዳትልክ።»

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ነገ መውሊድ ነው፤ ዶክተር እስከ ከሰዓት ብቻ ነው የምቆየው አሉ። ጋሽ ለይኩን በሰዓቱ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ነው የመጡት። ሁለቱ ተቃቀፉና ወዲያው መከራከር ጀመሩ፤ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። በርዕስና በመፈለጊያ ቃላት ላይ ጀንፈል ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ ጥናት መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ በፍሬው የደረቀ ቡና ተብሎ ይብራራል። የጋሽ ለይኩን መቅድም እሳቸው እንደጻፉት ይመለሳል። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይጻፋል፤ በግ እንዳይታረድ። መመሪያው የመጀመሪያ አንቀጽ ይኑረው ብለው ጋሽ ለይኩን ራሳቸው አስጻፉኝ፦ ማንኛውም ቃል ከመለወጡ በፊት ቃሉን የጻፈውም፣ ቃሉን የሚጠቀምበትም ሰው ይጠየቃል። ዶክተር «ይህ አንቀጽ ለፍሬዘር ብቻ ነው የተጻፈው» አሉ። ፈረሙ።

ጳጉሜን 1

ገጹ በሙሉ ተስተካክሎ ተላከ። ዓይኔ ጠፋ። ወደ ቤት ስሄድ ፋርማሲው ጎራ አልኩ፤ ራስ ምታት ስለነበረኝ። ዮርዲ የራስ ምታት ኪኒን ሰጠችኝ። «ሌላስ?» አለች። ሌላ የለም አልኳት።

ጳጉሜን 3

ፋርማሲ። ቫይታሚን ገዛሁ። «ሌላስ?» አለች። ሰው ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ሁልጊዜ ታማሚ ነው።

ጳጉሜን 4

ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ይኸኛው ረጅም ነው። ገጹ «ለሌሎች ቅርንጫፎች አርአያ» ነው፤ ሥራው ጅማ ይቀጥላል፤ እኔም ጅማ። ኩልሱም ኬክ አስመጣች። ዶክተር ተማሪ መስለው መፈለጊያው ላይ ጀንፈል ብለው ጻፉና የወጣውን ሁሉ ቁጭ ብለው ያነቡ ጀመር፤ የራሳቸውን የወጣትነት ጥናት አግኝተው ኬኩን ረሱት።

ደስ ብሎኛል። ለአንድ ሰዓት ያህል በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ኬኩን እየበላሁ ሳለ ያ ፍርሃት አሁንም እንዳልለቀቀኝ ታወቀኝ። ሐምሌን ሙሉ አዲስ አበባን የፈራሁ መስሎኝ ነበር።

መስከረም 1

ዮርዲ «እንኳን አደረሰህ» ብላ ጻፈችልኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኳት። ይህን ለመጻፍ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

እስካሁን አልጠየቅኋትም። ዛሬም ፋርማሲው ሄጄ ነበር፤ ፕላስተር ገዛሁ። ሐጂ አባቦራ ከአጋሮ ደውለው «ነገ ነው አይደል? ኮቴን አስተኩሻለሁ» አሉ። አይምጡ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ይምጡ ለማለትም ከፈትኩ። ኢንሻአላህ አልኳቸው። ክርስቲያን ሆኜ ኢንሻአላህ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መስከረም 4፣ እሁድ

ጠዋት ተነሥቼ ለበስኩ። ሽማግሌዎቹ በር ከማንኳኳታቸው በፊት ልጠይቃት፣ አለዚያ ከመንገድ ልመልሳቸው ወሰንኩ። ወደ ፈረንጅ አራዳ፣ ወደ ጋሽ ለይኩን ሰፈር፣ ሮጥኩ። የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። ስደርስ ሦስቱም ከታክሲ እየወረዱ ነው። ሐጂ «ላኪ አይመጣም እኮ ልጄ» አሉኝ። አልፌአቸው በሩን አንኳኳሁ።

ዮርዲ ራሷ ከፈተች። በረንዳው ላይ ጋሽ ለይኩን ቆመዋል፣ እትዬ ፋንቱ ከኋላቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላዬ ተሰልፈው ቆሙ። ይህን ያህል ሰው ፊት አስቤ አልነበረም። ብቻዋን ባገኛት ምን እንደምላት ስንት ቀን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ዮርዲ፣ ሳልጠይቅሽ ሽማግሌ ልኬብሻለሁ። ያኔ ለድረ ገጹ ብቻ ነው ብዬ ራሴንም ዋሽቻለሁ። ዛሬ እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እኔ ልጠይቅሽ ነው። ታገቢኛለሽ?»

እትዬ ፋንቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዮርዲ ጫማዬን አየች፣ ጭቃውን።

«እሺ» አለች።

ደስታው ገና ሳይገባኝ ቀጠለች። «ክረምቱን ሙሉ ጅማ መቅረት አለብኝ ብለህ ስትሮጥ ከረምክ። አዲስ አበባ ቢወስዱህስ አብሬህ እሄድ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኳት። አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

«እሄድ ነበር» አለች።

ሐጂ አባቦራ ከኋላዬ «እንግዲህ እኛስ ምን እንበል? ጉዳዩ ሳይሰማ አለቀ» አሉ። ጋሽ ለይኩን ከበረንዳው ወረዱ፣ በሩን በሁለት እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱትና፣ በሉ ግቡና ተቀመጡ አሏቸው።